ከጣርማበር በታች

ደብረ ብርሃን ሳለን፣ በዚያ ውርጭ አገር፣
ጭኔን፣ እጣቴንም ያሞቅልኝ ነበር።
ዝውውር ደረሰኝ፤ ጣርማበርን ወርጄ
ሸዋ ሮቢት ገባሁ፣ ብርድ ብቻ ለምጄ።

የመስኖውን ካርታ ስከፍት፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣
ላፕቶፔ ይጮሃል እንደ ወፍጮ ቤት።
ዘጠና ዘጠኝ ዲግሪ። ከዚያ ያነክሳል፤
አንዲት ቦይ ለመሳል ቆሞ ያለቅሳል።
ሁለት ጣሳ አስደግፌ ከሥሩ ነፋስ ሰጠሁት፤
ቬንቲሌተር ገዛሁ፤ ወረቀቴን ከየጥጉ ለቀምሁት።

«በሽታው ጥጋብ ነው» አለች ይፍቱስራ፣
መናኸሪያው ጎን ሞባይል የምትሠራ፤
«ፋብሪካው ለሁሉም አትርፎ ቀድቶ ነው፤
ያንተኛው ያን አይሻም፤ ቮልቴጁን እንመጥነው።»

አምሳ ሚሊቮልት ቀነሰች፤ ምንም አላለ።
ሰማንያ። ቦዩ ቶሎ ተሳለ።
መቶ ሃያ ስትል —
ሰማያዊ ስክሪን። ልቤም አብሮት ድርግም።
«ራበው» አለች፣ ሳቀች፤ «አይዞህ፣ አይሞትም።»
ዘጠና አምስት ላይ ተወችው። ሁለት መቶ ብር አለች።

አሁን ሰባ ሁለት ዲግሪ፤ ሥራው ግን ይበልጣል።
ካርታው ከዳር እስከ ዳር ሳይቆም ይገለጣል።
ማራገቢያው ዝም ሲል ውጭ ያለው ተሰማኝ፦
ትንኝ፣ የጎረቤት ሬዲዮ፣ ሲቆጥር ሽንኩርት ጫኝ።

ጥር ላይ ለስብሰባ ደብረ ብርሃን ወጣሁ፤
ሌሊት፣ ካርታዬን ልጨርስ፣ አልጋው ላይ ተቀመጥሁ።
ጭኔ ላይ አደረግሁት፣ እንደ ጥንቱ ልማድ፤
እጄን ከሥሩ ሰደድሁ።
ብርድ።
ይፍቱስራን በሆዴ እያማሁ
ጋቢ ልዋስ ተነሣሁ።