ሦስት ሜትር ከሰማንያ

ወርዱ ሁለት ሜትር ከአርባ፣ ርዝመቱ ሦስት ከሰማንያ፤
ሜትሩን እኔ ይዣለሁ፣ ጫፉን ወንድሜ አባቢያ።
ባለ ካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ አሰምሬ
ግድግዳውን አቆምኩት፣ ስንዝሩን ባንድ ካሬ።
መስኮቱ እዚህ ይከፈት፤ ሲንኩ ከመስኮቱ ሥር፤
ምድጃው ከበሩ ይቅረብ፣ ጭሱ ውስጥ እንዳያድር።
በርሜሉስ? በርሜሉን ረሳሁ።
ውኃ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው፣
እሱም ሌሊት፣ እንደ ሌባ፣ ቧንቧው ውስጥ እየሳለ።

ቤቱ ፈረንጅ አራዳ ነው፤ በዕድሜ ከሁላችን ይበልጣል።
አባታችን የገዛው ቆዳ ከሚነግድ የመናዊ ነው፤
ሰውዬው ሲሄድ ሚዛኑን ረስቶ ሄደ።
እልፍኙን ሦስቴ ቀባነው፣
ቆርቆሮውን ሁለቴ ቀየርነው፤
ማድ ቤቱን ግን ማንም አልነካው።
ከጓሮ፣ ከአቮካዶው ሥር፣
እንደ ተቀየመ ዘመድ
ፊቱን አዙሮ ተቀምጧል።

መደርደሪያ ሠሪው ጣሃ እንጨት በጣቱ አንኳኩቶ
«ዋንዛ ድሮ ቀረ» አለ፣ በቀብድ ላይ ቀብድ በልቶ።
እህታችን ዘይነባ ከአጋሮ ደውላ
«ግራናይት ካልሆነ እጄን አልከትም» ብላ
ስልኩን ዘጋች።
ስሚንቶ ጠዋት የተጠራበት ዋጋ
ለአሥር ሰዓት አይደርስም።

ቧንቧ ሠራተኛው ተማም ምንም አልለካም።
አንድ ጣሳ ውኃ ወለሉ ላይ ደፋና
ቁጢጥ ብሎ ተመለከተ።
ውኃው አሰበ፣ ተጠማዘዘ፣ ወደ እልፍኙ አቀና።
«እናንተ የምትሉት ወደ ቱቦው ነው፤
እሱ የሚለው ወደ መኝታችሁ።»
ሳቅን። ዝናቡ መጣ፤ የጅማ ዝናብ በር አያንኳኳም።
ሁላችንም ማድ ቤቱ ውስጥ ተጠለልን፣
ስናፈርሰው ልንውል የመጣነው ሰዎች።

ግንበኛው ዋቅቶላ ሥራ ፈትቶ ከሚቆም
ጥቀርሻውን በማንኪያው ይፍቅ ጀመር።
እንደ ቅርፊት ተነሳ። ከሥሩ ኖራ።
ኖራው ላይ በከሰል የተሰመረ መስመር፤
አሥራ ሁለት ረጅም፣ አንዲት አጭር።
አሥራ ሁለት ረጅም፣ አንዲት አጭር።
እንደገና።
ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ባዶ ግድግዳ።

«የወተት ሒሳብ ይሆናል» አለ አባቢያ።
ዋቅቶላ አጭሯን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት።
«ይቺ ጳጉሜ ናት» አለ። «ወር ነው የሚቆጠረው።»

አባቢያ እኔን አየ። እኔ በርሜሉን አየሁ።
ማሚቴ እያልን የምንጠራት ልጅ ነበረች፣
ከዳውሮ የመጣች፣ እዚሁ የምትተኛ፣
ከምድጃው ባሻገር፣ ደብተሬ ላይ
«ፍሪጅ» ብዬ የጻፍኩበት ቦታ።
ማሚቴ ስሟ አልነበረም።

ወደ አጋሮ ደወልን።
ዘይነባ ብዙ ዝም አለች፣
ካርዱ ያለቀ እስኪመስለን።
«ብርቅነሽ» አለች። «ብርቅነሽ ነበር ስሟ።
እናታችን "ደሞዝሽን አጠራቅምልሻለሁ" ትላት ነበር።
ስትሄድ ዘንቢሏን የሸኘሁት እኔ ነኝ፤
ቀላል ነበር።»

አርባ አንድ ወር፤ ወሩ በአሥር ብር።
አራት መቶ አሥር።
ዛሬ አንድ ከረጢት ስሚንቶ አይገዛም።
በዛሬ ብር ስንት እንደሆነ
በየትኛው ሚዛን እንደሚታወቅ እንጃ፤
የመናዊው የረሳው ሚዛን ከዝገት በቀር አይመዝንም።
ጳጉሜዎቹንስ ማን ከፍሎ ያውቃል?
እሷ ግን ቆጥራቸዋለች።

ዝናቡ አባራ። ዋቅቶላ ማንኪያውን ሱሪው ላይ ጠረገና
«ምን ላድርገው?» አለ። «ልለስነው? ላፍርሰው?
ለነገ ሰው ልጥራ አልጥራ?»
አባቢያ «ቆይ» አለ። እኔም «ቆይ» አልኩ።
ለአንድ ቀን ቆይ ማለት ገንዘብ ነው፤
ዋቅቶላ ይኼን በትዕግሥት አስረዳን።

ማታ ደብተሩን ገለጥኩ።
ግራናይት የሚለው ላይ ሰረዝ ሳብኩ፤
ዘይነባ አልከለከለችም።
ሲንኩ ካለበት ነው። መስኮቱም ካለበት።
ሦስት ከሰማንያው ግድግዳ ላይ ምንም አልጻፍኩም።
ከገጹ ግርጌ፣ ከምስማሩና ከአሸዋው ቁጥር በታች፣
ነገ መናኸሪያ ሄጄ የምጠይቀውን ጻፍኩ፦
ተርጫ የሚሄደው መኪና
ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?