ቆጣሪው

ሹወይኽ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ መስኮት አልባ ሕንፃ አለ፤
ደጁ በእኩለ ሌሊት የሚነድ፣ ውስጡ ጥቅምት የመሰለ።
እኔ የብርዱ ዘበኛ ነኝ፤ ሹራብ ደርቤ እገባለሁ፤
ለማይተኛ ብረት፣ ብርድ ልብስ ሳይሆን፣ ብርድ አለብሳለሁ።

ሱፐር ኮምፒውተር ነው ስሙ።
የማታ ፈረቃ ያለነው ግን፣ እኔና ቢጁ የኬረላው፣
«ቆጣሪው» ነው የምንለው።
የመብራት ቆጣሪ እንዳይመስላችሁ፤ መብራቱን በሊታው እሱ ነው።
የነፋሱን መንገድ፣ የባሕሩን ጨው፣ የአቧራውን እናት አገር
ሲደምር ሲያባዛ ያነጋል፤
የሰው ልጅ በሰባት ትውልድ ጽፎ የማይጨርሰው ነገር
ለእሱ ሻይ እስኪበርድ ያልቃል።

ዶክተር መናየር የሚሏት አለች፣ ላይኛው ፎቅ የምትሠራ፣
ስሌቷ ሲረዝም ወርዳ፣ ከቱቦዬ ሥር፣ ከእኛ ጋራ
ሻይ የምትጠጣ ሳትኮራ።
አንድ ሌሊት ድንገት፣
«ጣራ ላይ ኤሲ ስትፈታ፣ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ያዞርሃል?» አለች።
እንዲህ ያለ «ስንት» ሰምቼ አላውቅም።
አለቃዬ፦ ስንት ሰዓት ይፈጃል?
ወንድሜ ከሐርቡ፦ ስንት ልከሃል?
ኢቃማ አዳሹ፦ ስንት ቀን አሳልፈሃል?
እሷ ግን፦ ስንት ትችላለህ?
ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

«ማሽኑ ከተማውን ያውቃል» አለች፣ «የግንቡን ጥላ፣ የአስፋልቱን ግለት፤
ሰው ነው የጎደለበት።»

አርባ ቀን መለኪያ አሰርኩ፣ ከእጄ አንጓ፣ ከሰዓቴ ጎን፤
ላቤ ቁጥር ሆነ፤ ትርታዬም ቁጥር ሆነ።
ቢጁም አሰረ፤ መወጣጫ ላይ የሚውለው ኔፓላዊው ዳምበርም፤
ሠላሳ አንድ ሆንን፤
ከመጣን ወዲህ ገና ያኔ ተቆጠርን።

በአርባ አንደኛው ሌሊት፣ መለኪያውን ስመልስላት፣
«አንድ ያለፈ ቀን አስቆጥሪልኝ» አልኳት።
«ካቻምና። ሐምሌ ሃያ አንድ።
ጀሊብ፣ ከገበያው ጀርባ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ያልተለሰነ ግንብ።
ጦይብ ይባላል። አምስት ዓመት አንድ ክፍል ያደርን።»
ማሽኑ ለነገ ነው የተሠራው፤ ጉልበቱ ለሙት አይባክንም።
እሷም ታውቃለች። ዝም አለች።
ከዚያ ጣቶቿ ጀመሩ።

እኔ ሲያስብ የማውቀው በውሃው ነው፤
ቀዝቅዞ ገብቶ ሞቆ ይወጣል።
መዳፌን ቱቦው ላይ አሳረፍኩ።
አርባ ደቂቃ ያህል፣
ጦይብን ሲያስብ፣ ሞቀኝ።

ካርታው መጣ።
እኩለ ቀን፦ ቀይ። ያኔ ሥራ ክልክል ነው፤ ሰዉ ጥላ ሥር ይጋደማል።
አሥር ሰዓት ሲሆን ሰዓቱ «ውጡ» ይላል፤ ፀሐይም ያዘቀዝቃል፤
ግንቡ ግን ከጧት የበላውን መትፋት ይጀምራል፤
ከባሕር እርጥብ ነፋስ ይገባል፤ ላብ አልደርቅም ይላል።
አሥራ አንድ ከሩብ ላይ፣ በዚያ ግንብ ጥግ፣
ቀለሙ ቀይን አልፎ ከሰል።
ጦይብ የወደቀው አሥራ አንድ ከሃያ ነበር።

ወረቀቱ «ልቡ ቆመ» ይላል፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፤
የሁሉም ልብ መቼስ ይቆማል፤
ያን ዕለት፣ እዚያ፣ ማን ልብ አለው?

አሁን በጀሊብ ስልክ ይጮኻል፣ በስምንት ቋንቋ።
አማርኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «ወንድሜ፣ አሁኑኑ ውረድ። ውሃ። ጥላ።»
መናየር «አጠር አድርገው» ብላኝ ነበር፤
«ወንድሜ»ን ግን አላወጣሁም።
አንዳንዱ ይወርዳል። አንዳንዱ ቀና ብሎ ፎርማኑን ያያል።
ቆጣሪው ፎርማን መቁጠር ገና አልተማረም።

ደግሞ አንድ ነገር ከነከነኝ።
ከዚህ ብረት የምቀማው ሙቀት የት ይገባል?
በጣራው ማራገቢያ ወጥቶ መንገዱ ላይ ይወርዳል፤
እዚያ ሴቶች አሉ፣ የጽዳት ልብስ የለበሱ፣
የሌሊቱን አውቶቡስ የሚጠብቁ፣ በካርቶን የሚያራግቡ።
«ይህንንስ ቆጥሮታል?» አልኳት።

ብዙ አየችኝ።
ቀጥላ እስክሪብቶ ጠየቀችኝ።