«ለማንም»

ጥር ነው፤ ሄግ ላይ ዝናቡ አይዘንብም፣ ይንጠለጠላል፤
በር ላይ የቆመው ብስክሌት ኮርቻው ውሃ አዝሏል።
ውስጥ፣ መቶ ሰባ አገሮች፣ ሁሉም በአሥራ ስድስት ዕድሜ፣
ተውሰው የለበሱት ኮት ከትከሻቸው ሰፍቶ፤
እኔ ግን አገር የለኝም፤ ደረቴ ላይ፣ ከስሜ
በታች፣ «ወረቀት አመላላሽ» የሚል ጨርቅ ተሰፍቶ።

ሕጉ አንድ ነው፦ «እኔ» ማለት በዚህ አዳራሽ ነውር ነው፤
የጠማው «ልዑኩ ውሃ ይጠይቃል» ብሎ ነው የሚጠጣው።
ከታምፔሬ የመጣ ልጅ ጃፓንን ሆኖ ይቆጣል፤
ኖርዌይን የያዘው ጆሮው እስኪቀላ ይሟገታል፤
የኩዌቷ ልጅ አይስላንድ ናት፣
አንዴም በረዶ ሳትነካ በበረዶዋ ትምላለች።

ዮላንዳ ከፔኒሽ ናት፣ ከፖርቱጋል የዓሣ ወደብ፤
ዕጣ ግን ሞንጎሊያን ሰጣት፣ የሣር፣ የፈረስ፣ የበግ ሕዝብ።
ኮሚቴው፦ የባሕር ሀብት። አጀንዳው፦ የሰርዲን ማለቅ።
«ለፈረሰኛ ሰርዲን ምኑ ነው?» አለ የኋላው ረድፍ፣ ሳቀ፤
እሷ አልሳቀችም። እርሳሷን ቀረጸች፤
የተቀረጸውን እንደገና ቀረጸች።

ወረቀቶቹን አነባለሁ፤ ይህም ሥራዬ ነው፣
ስድብ ወይ የፍቅር ቃል ቢኖርበት ለሊቀ መንበሩ ልሰጠው።
«አንቀጽ አራትን ተውልኝ፣ ዘጠኝን እተውልሃለሁ።»
«ክራቫትህ ሾርባ ነክቷል።»
«ብራዚልን እንቅልፍ ወስዷታል። አሁን ድምፅ ብንሰጥስ?»

በሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ ወዲያ፣ እጇን ዘረጋች ሳትናገር፤
አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት፣ ላዩ ላይ፦ «ለማንም»።
እንዲህ የሚባል አገር የለም፤
ጠረጴዛም የለውም።
ከዓምዱ ጀርባ ቆሜ ገለጥኩት፦

«የአባቴ ጀልባ ስሟ ዮላንዳ ነው። በአንድ ወር ትበልጠኛለች።
አንቀጽ ስድስት ካለፈ ከእንግዲህ ባሕር አትወጣም።
አንቀጹ ልክ ነው። ቁጥሩን ሦስቴ ደምሬዋለሁ።»

ስድብ አይደለም። የፍቅር ቃል ነው እንዳልል፣
እሱንስ እንጃ። ኪሴ ከተትኩት፤ ደንብ መጣስ ይባላል።

ከቡሳን የመጣው ሊቀ መንበር «የሞንጎሊያ ልዑክ» ሲል
ተነሣች። አዲሱ ጫማ ተረከዟን ልጦታል፤
ፋሻው በካልሲዋ በኩል ይታያል።

«የተከበሩ ሊቀ መንበር፣ ሞንጎሊያ ባሕር የላትም፤
ስለዚህ ከባሕር የምትደብቀው ነገር የላትም።
ግጦሽ ግን ታውቃለች። ለመስክ ፋታ ያልሰጠ ባለ መንጋ
ለከርሞ የሚያግደው ጥላውን ነው።
አንቀጽ ስድስትን ልዑኳ—»
እዚህ ላይ ውሃ ጠጣች። ፈቃድ አልጠየቀችም።
«—ልዑኳ ትደግፋለች።»

አርባ አንድ ድጋፍ። ዘጠኝ ተቃውሞ።
መዶሻው አንዴ ጠቅ አለ፣
እንጨት በእንጨት ላይ፣ እንደ መቅዘፊያ እንደሚቀመጥ።
የታምፔሬው ልጅ፣ የተሸነፈው ጃፓን፣ ሄዶ ጨበጣት።

ማታ፣ ኮት ከሚሰቀልበት ጥግ፣ ስልኳን ከፊቷ ይዛ አየኋት፤
የወንድ ሳል፣ የሞተር ድምፅ፣ የተራቡ የባሕር ወፎች ጩኸት።
ፖርቱጋልኛ አላውቅም። ጥያቄ መሆኑን ያወቅሁት
መጨረሻው ላይ ከፍ ብሎ ስለ ቀረ ነው።
ብዙ ቆየች። የሰው ኮት እጅጌ በጣቷ ትጠቀልል ነበር።
ከዚያ አንድ ቃል፣ አጭር፣ ከማዛጋት የማይረዝም፦
«ኤው።»

በወዲያኛው ጫፍ ወፎቹ ብቻ ቀሩ።

ቤት ገብቼ፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ መዝገበ ቃላት ፈለግሁ።
«እኔ» ማለት ነው።
የጠየቃት «ማን አሸነፈ?» ይሁን፣
«ማን እጁን አነሣ?» ይሁን፣ መዝገበ ቃላቱ አይልም።

ወረቀቷ ማሞቂያው ላይ ተዘርግታ ትደርቃለች፤
ዝናቡ ኪሴ ድረስ ገብቶ «ለማንም»ን አስፍቶታል።
ነገ ሦስተኛው ቀን ነው። ወረቀት አመላልሳለሁ።
ከተቀበልኩት ሁሉ ያላደረስኩት ይህን አንዱን ነው፣
ወይም፣ እንጃ፣
አድራሻው ላይ ያደረስኩት ይህን ብቻ።