አሥራ ሦስተኛው ቁልፍ

ጥቅምት ሊወጣ ነው። ቡሬ በርበሬዋን ካስፋልቱ ዳር አስጥታ፣
መንገደኛው ሁሉ እያስነጠሰ ነው የሚሰጥ ሰላምታ።
እኔ ካውያ አሟቂ፣ ፍም እፍ የምል፣ የሽባባው ልጅ-እግር፣
ዐሥራ አራት ዓመቴ፤ ጆሮዬ ግን ሽማግሌ ነበር።

ሬድዮው ከክር ሣጥኑ ላይ ጉብ ብሎ፣ አንገቱን በሽቦ ታስሮ፣
አሜሪካን ያህል አገር ያማል እንደ ጎረቤት ተዳፍሮ፦
ቆጠራው አላለቀም፤ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ጠቧል ልዩነቱ፣
የአንዲት ወረዳ ሰው ያህል ድምፅ ነው የቀረው ለሹመቱ።
ያኔ ሙግት ተነሣ፣ ስለ አንደኛው፣ ስለ ረጅሙ ዕጩ፦
ሰፊ ሜዳ ይዞ ጠበበው፤ ምን ይሆን የመጥበቡ ምንጩ?

ሽባባው ጉልበቱ ላይ ኮት ዘርግቶ ቁልፍ ይተክላል፤
መርፌውን ከከንፈሩ ነቅሎ፣ «ልኩን አያውቅም» ይላል፤
«በክርክሩ ማታ እኔ የሰማሁት የወረቀት ኮሽታ ነው፤
ቃል የሚገባ ሰው ዓይን ያያል እንጂ ምን ገጽ ያስገልጠው?
በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ብብቱ ላይ ነው የሚለየው።»

ጨው ሻጩ ይትባረክ፣ ዲማ ሦስት ክረምት ቅኔ የቆጠረ፣
እንደ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ፦
«የለም፤ ሰሙ ሞልቶለት ነበር፤ ወርቁን ነው የረሳ።
ሥራ፣ ቀረጥ፣ ድንበር፣ ሁሉን አነሣ፤ አንድ ልብ ግን አላነሣ።»

አስሬ የቁልፍ ቤት ሰፊ ናት፣ ክር በጥርሷ የምትበጥስ፦
«ሽማግሌ የላከው እሺ ወዳሉት ነው፤ እምቢ ካሉት ማን ይድረስ?
አማቾቹ ቤት ዘጠኝ ጊዜ በላ፤ ያኮረፈችው ወረዳ
ጥላውን እንኳ አላየች፤ አሁን እሷው ዳኛ፣ እሷው ዕዳ።»

«ድምፁ ተዘግቶበት ነበር እኮ!» አለ ሙጬ በርበሬ ነጋዴው፣
ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ በርበሬው ይሁን ዕጩው፣ ማን ለየው።

ሙግቱ ጦዘ። የአንዱ ጋቢ ከመቀሱ ጋር ተጠላለፈ፤
የክር ቆርቆሮ ቀረበ፣ «ቁልፍ እንጣል» ተባለ፣ ንትርኩ በዚያ አለፈ።
ጥቁሩ «በራሱ ጥፋት ነው»፣ ነጩ «በዕድሉ ነው»፤
ዐሥራ ሦስት ነበርን፤ እኔም ተቆጠርሁ፤ የዚያን ቀን ኩራቴን ማን ሊያውቀው!

አስሬ አንድ አንድ እያወጣች ጨርቅ ላይ ደረደረች፦
ስድስት ነጭ፣ ስድስት ጥቁር። ቆርቆሮውን ገለበጠች፣ ነቀነቀች።
አንድ ቁልፍ የለም። ከማሽኑ ሥር፣ ከቅዳጁ መሐል ፈለግን፤
ይትባረክ ጫማውን አወለቀ፤ የካውያዬን አመድ ሳይቀር በተንን።
«ድጋሚ ይቆጠር!» አለ ሙጬ። ቆጠርን። ስድስት። ስድስት።
ሬድዮውም ከላይ ያንኑ ይላል፤ ቡሬም አሜሪካም ውጤት ዘገየበት።

ያኔ በሩ ጠቆረ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው፣ ኮቱን ሊለካ፤
ሬድዮውን ማን እንደዘጋው አላየሁም፤ ዝም አለች አሜሪካ።

ለበሰው። ግራ ትከሻው ዘመመ፤ እጅጌው መዳፉን ዋጠው፤
ከመስታወቱ ዘወር ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ «እንዴት ነው?»
ዐሥራ ሁለት አንደበት፣ ባሕር ማዶ ያለን ሰው ሲበልት ያመሸ፣
በአንድ ትንፋሽ «ልክክ!» አለ፤ ማንም አልሸሸ።
ሙጬ «አብሮዎት የተወለደ» ሲል፣
ይትባረክ ሰሙን ብቻ ቀኘለት፤ ወርቁ በጉሮሮው ሲወርድ ታየኝ ቁልቁል።

እኔ ብቻ ደረቱን ቆጠርሁ። ሦስት የታዘዘው አራት ሆኗል፤
የሽባባው እጅ አፉ ሲሟገት ድምፁን እዚያ ሰፍቶታል።
ጥቁር ናት። አስሬ ቤት አልሠራችላትም፤
ቁልፍ ተብላ ምንም አትዘጋም፣ ምንም አትከፍትም።

ማግሥቱን ሬድዮው አሸናፊውን ተናገረ፤ የትኛው እንደነበር ረሳሁ።
የኛ ግን አልተገለጸም፤ ያ ኮት በደጃችን ባለፈ ቁጥር፣ ካውያዬን ይዤ ቀና እላለሁ፣
እቆጥራለሁ።