ከፊል ደመናማ

ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ ማን ተሻረ? ማን ተሾመ?
ስንት ሚሊዮን ጎደለ? ማን ተከሶ፣ ማን ታመመ?
ከዚያ ያየር ጠባይ፦ «ጎንደር፣ ከፊል ደመናማ»።
ከፊል? በአዘዞ በኩል ነጎድጓዱ እየተሰማ?

የሰፈራችን ቦይ በወረቀት አምና አልቋል፤
መቶ በመቶ። ፎቶ አለው። ሪባኑም ተቆርጧል።
ጎርፉ ግን ሪፖርቱን ያነበበው አልመሰለኝ፣
በር ሳያንኳኳ ገብቶ ቻርጀሬን ወሰደብኝ።

አልጋ ላይ እግሬን አጥፌ፣ ባትሪው አሥራ አንድ ከመቶ፣
ደግሜ ዜና እከፍታለሁ፣ ያፈረ ሰው እንደሁ ተገኝቶ።
አንዲት ሰረዝ ብትጎድል አልሠራም ይላል የኔ ኮድ፤
ስድስት ሚሊዮን ጎድሎት እንዴት ሠራ የነሱ ሰነድ?

ጎረቤቴ አያልነሽ፣ ባልዲዋን ይዛ፣ እየሳቀች፣
«አንተ አንባቢው፣ ዝናቡን ዛሬ ምን ይሉታል?» አለች።

«ከፊል» አልኳት።