ዘጠነኛው በር

ስም አልነበረውም። ወረቀቱ ተልጦ፣
ከቢጫው ካሴት ላይ ሙጫው ብቻ ፈጦ፤
ሲበራ የሚወጣው የባዕድ አገር ፊደል፣
ቻይና ይሁን ጃፓን ማን ለይቶ ይበል?
እኛው ነን በኋላ ክርስትና ያነሳነው፣
ቁልፍ ስለያዘ «አባ ቁልፌ» ያልነው።

የጋሽ መኳንንት ቤት፣ ከፒያሳ ወረድ ሲሉ፣
ግማሹ ሰዓት ነው፣ የቆሙ በሙሉ፤
ግማሹ የእኛ ነው፤ በአቡጀዲ ተከልሎ
አንድ ቲቪ፣ አንድ አግዳሚ፣ የሽቦ ውል ተንጠልጥሎ።
ሁለተኛው ጆይስቲክ ወደ ግራ አይሄድም፣
ለታናሽ እሱ ነው፤ ታናሽ አይከራከርም።

ሦስት ነፍስ በሃምሳ ሳንቲም።
ከዚያ ወዲህ ነፍስ በዚያ ዋጋ ሲሸጥ አላየሁም፤
አይቻለሁ ልል ነበር።
ይቅር።

ካሴቱ እምቢ ካለ እንደ ከሰል እፍ፣
ደግሞ እምቢ ካለ ጠረግ በሸሚዝ ጫፍ፤
«ምራቅ አታስነኩት! ይዝጋል!» ይላል ሰውዬው፣
አንድ ዓይኑ አጉሊ መነጽር ውስጥ፣ ሌላው እኛ ላይ ነው።

አባ ቁልፌ ግንብ ውስጥ ነው፤ ባርኔጣውን ደፍቶ፣
አንድ በር ይከፍታል፣ ሌላ በር ሊያይ ገብቶ።
ኋላ ሳስበው ነው ያሳቀኝ ነገሩ፤
ከመጋረጃው ጀርባ የፋሲል ግንብ ተገትሮ፣
ፈረንጅ ቲኬት ቆርጦ፣ ካሜራ አንገቱ ላይ አስሮ፣
እኛ ጀርባ ሰጥተን ስንዋደቅ ውለን
የክብሪት ቀፎ የሚያህል ግንብ እንከፍታለን።

ስምንተኛው በር ላይ እንቁራሪት አለች፣
ድንጋይ የምትተፋ፤ የስንቱን ነፍስ በላች።
ዘጠነኛው ላይ ግን ወይ መብራት ይሄዳል፣
ወይ የምናሉ እናት ድምፅ ከበር ይሰማል፤
ማስቀመጫ የለው፤ ትናንት የደከምነው
ነገ ስንመለስ ከአንደኛው በር ነው።

አንድ የነሐሴ ማታ፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደ ጌሾ እየወቀጠ፣
እኛ ቤት ስንሮጥ እያያው ቀረ እንደተቀመጠ።
በማግስቱ መጣ፣ ዓይኑ ሌላ ሆኖ።
«አለፍኩት» አለን።
«ከበሩ ወዲያ ግንብ የለም። ውሃ ነው፣
ማዶው የማይታይ። የደንገል ታንኳ አለ።
አባ ቁልፌ ቁልፉን ወርውሮ ውሃ ውስጥ ይጥላል፣
ባርኔጣውን ያወልቃል። መላጣ ነው!
ሙዚቃውም ሌላ ነው» ብሎ አንጎራጎረ።
እኛም ተቀበልነው። ክረምቱ እስኪወጣ፣
ከዚያም ሱቁ ተሸጦ፣ ጢም እስክናወጣ፣
ያን ዜማ እያፏጨን አደግን።

በቀደም ቅዳሜ ገበያ፣ ሸራ ላይ፣ ከቻርጀር ክምር መሐል፣
ሙጫው እንደፈጠጠ፣ ጥጉ ላይ የጥርስ ምልክት፣
አገኘሁት።
«ምንድን ነው?» አልኩት ሻጩን፣ እያወቅሁ።
«እኔ እንጃ። ሃያ ብር።»
ማስገቢያው ከዓለም ጠፍቷል፤ ቢሆንም ገዛሁ።

እያያው እፍ ማለት አልተወም፤
አዘዞ መንገድ ዳር ጎማ ይነፋል።
እጁን ቱታው ላይ ጠርጎ ተቀበለኝ፣ አገላበጠው፣
አፉን አስጠግቶ እፍ አለው፤ ደግሞ እፍ።
«አንተየ» አለ፣ ሳያየኝ፣
«ያን ለት እኮ መብራት ሄደ። በሩ ግማሽ ተከፍቶ።»
«ውሃውስ?»
ዝም።
«ታንኳው? መላጣውስ?»
«መላጣውማ አባቴ ነው። ጎርጎራ የቀረው።»
ብሎ ካላማዳሪውን ውሃ ውስጥ ነከረ፣
ቀዳዳው የት እንደሆነ
አረፋው እስኪነግረው ጠበቀ፣
እያፏጨ።