ሰፍፋ

ዓርብ ጠዋት ነበር ፈይለካ የሄድነው፤
ጀልባው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እኔ
ሕፃኑን በጀርባዬ፣ ቴርሞሱን በጎኔ፤
ሩቅ ሆኖ ላየኝ ሰው የተጫነ ጓዝ ነው።

መዳም ጥላ ፈልጋ ምንጣፍ ስታነጥፍ
ልጁን ላባብል ብዬ ወጣሁ ወደ ዳር፤
ሽቦ የታጠረ ሜዳ፣ ጨው የላሰው አፈር፣
ከጉልበቴ የማያልፍ የግንብ ቅሪት ጫፍ።
«ከኒሳ» አለኝ ዘበኛው፣ ቤንጋሊ ነው፣ «ከኒሳ»፤
እዚህ ቅዳሴ ነበር! እዚህ፣ ከአሸዋው ሥር፣
ሺህ ዓመት የተኛ፣ ማንም ሳያነሣ።

እትዬ ሽሙኒ ትዝ አሉኝ ያን ጊዜ፣
የሞሱሏ ልብስ ሰፊ፣ ከሕንፃችን ምድር ቤት።
መርፌ በጥርሳቸው ነክሰው ነው ያወሩኝ፦
«በእኛ በጥንቱ ቋንቋ መንፈስ ቅዱስ እናት፤
ሩሐ ነበር ስሟ፣ በእሷ ነበር ግሷ፤
ኋላ ሊቆች መጡ፣ ነውር መሰላቸው፣
ስሟን ሳይነኩት እሱ ሆነች እሷ።»

እኔም የኔታ ፊት ፊደል ቆጥሬያለሁ።
«በውኃ ላይ ሰፍፎ» ነው የሚለው መጽሐፉ።
ፋ ራብዕ፣ ፎ ሳብዕ፤ መሐላቸው ሁለት፤
ሁለት ፊደል ተዘሎ ወንድ ሆነች እናት።
ሰፍፋ ብዬ አየሁት፣ በምላሴ ብቻ፦
እንቁላል እንዳቀፈች ዶሮ፣ ላባዋን ነፍታ፣
ጥቁሩን ባሕር ታቅፋ፣ እህል ውኃ ትታ፣
ዓለም እስኪፈለፈል።

አልደነቀኝም ግን።
ደላላው እኔንም ዘሃራ ብሎ ጽፎኛል።
«በወለተ ሰንበት ማን ቪዛ ይመታል?»
ብሎኝ ነበር ያኔ፣ ብዕሩን እያሸ።
ይኸው ሰባት ዓመት፣ ሲጠሩኝ እሮጣለሁ፤
በሌላ ሰው ስም ሆኜ «አቤት» እላለሁ።
እሷስ?
ከቅኔ ማሕሌት፣ ከመቅደስ፣ ከደጅ፣
ስንት ዘመን «አንተ» ሲሏት
ትከፋ ይሆን ወይስ
ልጅ ያለቀሰባት ሴት ለስም ጊዜ የላት፣
ዝም ብላ ትመጣለች?

ልጁ ነቃ። አለቀሰ።
ከጀርባዬ አወረድኩት፣ ፊቱን ከባሕሩ መልሼ፣
ድንጋዩን በመዳፌ ነካሁ፤ ይሞቃል።
«አንቺ…» አልኩ፣ ቀስ ብዬ፤
አንድ ጊዜ ብቻ፤
ጸሎት ይሁን ድፍረት ዛሬም አልለየሁም።

ልጁ ዝም አለ። ነፋሱም እንደዚያው።

ወዲያው ከጥላው ሥር መዳም ተጣራች፦
«ዘሃራ! ወተቱ!»
ከአፌ ይውጣ ከግንቡ
እንጃ፣
«አቤት» የሚል ሰማሁ።